ሥጋው በመንገድ ላይ እንዳይበላሽ

በአሜሪካና በአውሮፓ የምንኖር ቤተሰቦች ልጆች ትምህርት ሲዘጉ መኝታና ማድ ቤት ያለው መኪና ተከራይተን ከአንዱ የካምፕ ሥፍራ ወደ ሌላው እንጓዛለን። ሐላል ሥጋ በየመንገዱ ስለማይገኝ የሳምንቱን ይዘን እንወጣለን። ታዲያ እንዴት ሳይበላሽ ይቆይ?

በእነዚህ መኪኖች የሚገኘው ማቀዝቀዣ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በሙቀት ኃይል በሚዘዋወር አሞንያና ውኃ ነው። ሙቀቱን ከኤሌክትሪክ መስመር፣ ከጋዝ ወይም ከመኪናው 12 ቮልት ያገኛል። 12 ቮልቱ ደካማ በመሆኑ የቀዘቀዘውን ያቆያል እንጂ የሞቀውን ቶሎ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ማቀዝቀዣውን ከጉዞው በፊት ባለው ሌሊት በኤሌክትሪክ እናቀዝቅዘው፤ ሥጋውንም በረዶ አድርገን እንጫን፤ እየነዳን ሳለ በሩን አንክፈት።

ከመነሳታችን በፊት ጋዙን እንዝጋ፤ ነበልባል ይዞ ነዳጅ ማደያ መግባት እሳት መጥራት ነው። ስንደርስ መኪናውን ደልዳላ ቦታ እናቁም፤ ማቀዝቀዣውን ከ12 ቮልት ወደ ጋዝ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ እንመልስ፤ አለዚያ ባትሪው ያልቃል።

አንዲት ትንሽ ቴርሞሜትርም ውስጡ ትቀመጥ። ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ 2 ሰዓት የቆየ ሥጋ ይጣል። ብክነት የተጠላ ነው፤ ነገር ግን የልጆቻችን ጤና ደግሞ አማና ነው።