እርሻን ሳይለቁ ስለ መማርና ሙያ ስለ መያዝ

ለፍኖተ ሰላም፤ ለቡሬና ለአካባቢው ገበሬዎችና የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተጻፈ ምክር



አዝመራ ገብቶ ዓውድማው ሲጠረግ በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «መሬቴ ስድስት ቃዳ ነው፤ ልጆቼ አምስት ናቸው፤ ለማን ምን ላድርግ?» የሚለው ነው። አንድ ቃዳ የሄክታር ሩብ ስለ ሆነ ስድስት ቃዳ አንድ ሄክታር ተኩል ነው። ለአምስት ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከአንድ ቃዳ እምብዛም አይበልጥም። በአንድ ቃዳ መሬት ጎጆ ወጥቶ፤ በሬ ጠምዶ፤ ግብር ከፍሎ፤ ልጅ አሳድጎ ማደር እንደማይቻል ከእናንተ ይልቅ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ከልጆቹ ሁለቱ ወይም ሦስቱ በትምህርት ወይም በእጅ ሙያ ማደር አለባቸው ማለት ነው። ይህም በሬውን ሳይሸጡና መሬቱን ሳያጡ እንዴት እንደሚሆን ከዚህ በታች እንነጋገርበታለን።

ብዙ አባቶች «ወይ እርሻ ነው፤ ወይ ትምህርት ነው» ብለው ይቈርጣሉ። ይህ አቈራረጥ ግን ከአገራችን ልማድ የተገኘ አይደለም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፤ አኩፋዳውን አንግቶ፤ ቀን ቀለቡን ሲፈልግ ውሎ፤ ማታ ከየኔታ እግር ሥር ቅኔውን ሲቈጥር ኖሯል። ለመማሪያ ብሎ ኑሮውን አላቆመም፤ ለኑሮም ብሎ ትምህርቱን አልተወም። የዛሬው ተማሪ አኩፋዳ መያዝ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ጊዜን መከፋፈል ከዚያ ተማሪ ሊማር ይገባዋል።

አስቀድሞ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ልጃችሁ 12ኛ ክፍልን ተፈትኖ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ባያመጣ ብቻውን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ውስጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ፤ በቍጥር 29,909 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። ይህ ማለት ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው ማለት ነው። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት በምዕራብ ጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፤ ልጆች ከአንድ ዓመት በላይ ደብተር ሳይከፍቱ ቀርተዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ሰነፍ» እያሉ የሚሰድቡ አባቶች አሉ። ጥቅም የለውም። በሬ ወድቆ እግሩ ቢሰበር እንኳ መጀመሪያ ይታሻል እንጂ አይገረፍም።

ወቅቱን ስለ ማወቅ

በትምህርትና በእርሻ መካከል ጠብ የሚያነሣው የጊዜ ነገር ነው። ትምህርት ቤት መስከረም ይከፈታል፤ ሰኔ ይዘጋል። እርሻችን ግን ሌላ ወር አቈጣጠር አለው። በቆሎና ዳጉሳ በግንቦትና በሰኔ ይዘራሉ፤ የበርበሬ ችግኝ በሰኔና በሐምሌ ይተከላል፤ ጤፍ በሐምሌ ይዘራል፤ ነሐሴ አረም ነው። ከዚያ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ይመጣል። እንግዲህ ልጁ ከትምህርት ቤት የሚቀርባቸው ወራት ሁለት ናቸው፤ ኅዳርና ሰኔ። ኅዳር ላይ ለሁለት ሳምንት ብሎ የቀረ ልጅ ሲመለስ መምህሩ ሌላ ምዕራፍ ጀምሮ ያገኘዋል። አፍሮ ወደ ኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ ጥር ሲሆን ጨርሶ ይቀራል። በሰኔ የቀረውም ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን ፈተና ሳይቀመጥ ይቀራል።

ለዚህ መድኃኒቱ በእጃችሁ ያለው ወንፈል ነው። የሚማር ልጅ ያላቸው አራት ወይም አምስት ጎረቤቶች በጥቅምት ተሰብስበው፤ የማን በቆሎ መቼ እንደሚሰበር፤ የማን ጤፍ መቼ እንደሚታጨድ ቀን ቢከፋፈሉ፤ ልጆቹ ቅዳሜ ብቻ ቢያግዙ በቂ ነው። ሥራው በሰው ብዛት ይወጣል። ልጁም አይቀርም። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በጥቅምት መነጋገር ነው። በኅዳር ከተጀመረ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ለአካለ መጠን የደረሰውና በእርሻ ላይ ያለው ጎልማሳ ደግሞ ሌላ ሀብት አለው፤ ይኸውም በዓላት ናቸው። በአገራችን ሚካኤል በ12፤ ኪዳነ ምሕረት በ16፤ ማርያም በ21፤ መድኃኔ ዓለም በ27፤ በዓለ ወልድ በ29 ሲሆን ሞፈርና ቀንበር ይሰቀላል። ሰንበቶቹም አሉ። በእነዚህ ቀናት ማረስ አይቻልም እንጂ ደብተር መግለጥ የሚከለክል የለም። አንድ ሰው ቅዳሴውን አስቀድሶ፤ ጠበል ጻዲቁን ቀምሶ፤ ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ብቻ ቢያነብ፤ በወር ስድስት እንዲህ ያሉ ቀናት ቢመርጥ፤ በወር 18 ሰዓት፤ በዓመት 216 ሰዓት ይሆንለታል። የትምህርት ቤት ቀን ስድስት ሰዓት ነው ብንል ይህ 36 የትምህርት ቀን ነው። ከሰባት ሳምንት በላይ ማለት ነው። ማንም አልሰጠውም፤ ከማንም አልወሰደም። (ጠላው ከበዛ ግን ሒሳቡ ይበላሻል።)

ከዚህም ሌላ ከጥር እኩሌታ እስከ መጋቢት እኩሌታ ያሉት ሁለት ወራት አሉ። መስኖ የሌለው ገበሬ በእነዚህ ወራት ከሠርግና ከማኅበር በቀር ብዙ ሥራ የለበትም። በገበሬዎች ማሠልጠኛም ሆነ በከተማው ቴክኒክና ሙያ ተቋም የሚሰጥ አጭር ሥልጠና ካለ በዚህ ጊዜ እንዲሆን የልማት ሠራተኛችሁን ጠይቁ። ነሐሴ ላይ የሚጠራ ሥልጠና አዳራሹን ባዶ ያደርገዋል፤ የመጣውም ሰው ሐሳቡ አረሙ ላይ ነው።

ያለ ዩኒቨርሲቲ ስለሚያዝ ሙያ

«ሙያ» ሲባል ብዙዎች የቢሮ ወንበር ይታያቸዋል። ዓይናችሁን ወደ አካባቢያችሁ መልሱ። በየወንዙ ዳር የውሃ ሞተር ይጮሃል፤ ሲበላሽ ግን ጠጋኙ ከከተማ እስኪመጣ ሽንኩርቱ ይደርቃል። በየቀበሌው የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፤ መዝገቡን በትክክል የሚይዝ የሒሳብ ሰው ግን እንደ ጨው ይፈለጋል። ላም ወረፋ ጠብቃ የምትዳቀልበት ጊዜ ሲያልፍባት ገበሬው ከብዙ ወር ወተት ይጎድላል፤ አዳቃይ ባለሙያ ስለሌለ ነው። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተመረቁት የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ ዘይት ፋብሪካም የሚፈልጉት ጥሬ እህል ብቻ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፤ ብየዳ የሚያውቅ፤ ማሽን የሚያንቀሳቅስ፤ ሚዛንና መጋዘን የሚይዝ ሰው ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያበቃው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ነው፤ በደረጃ እየተከፋፈለ ይሰጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላወቀው አንድ ነገር አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ፤ ሰው ሙያውን ከትምህርት ቤትም ያግኘው፤ ከአባቱም ይማረው፤ በራሱም ይልመደው፤ ዋናው መቻሉ ነው ብሎ ደንግጓል። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ጎረምሳ የሙያ ብቃት ምዘና ተመዝግቦ፤ በጽሑፍና በተግባር ተፈትኖ፤ ካለፈ የምስክር ወረቀት ይይዛል። ያ ወረቀት ብድር ሲጠይቅ፤ ሥራ ሲወዳደር፤ ሱቅ ሲከፍት የንግድ ፈቃድ ለማውጣት ይረዳዋል። ቢወድቅም የጎደለውን ለይቶ ያውቃል፤ እንደገናም ይፈተናል።

ሴቶች ልጆችን ሳናነሣ አናልፍም። ወንዱ ከትምህርት የሚቀረው በኅዳር ነው ብለናል፤ ሴቲቱ ግን የምትቀረው በጥር ነው፤ ሠርግ ሲደገስ። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች መዳርን ይከለክላል። ከሕጉም በቀር ሒሳቡን እዩት፦ ሰባተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ሦስት ዓመት ብትታገሥ የማኅበሩን መዝገብ የምትይዘው እርሷ ልትሆን ትችላለች። ማታ ውሃ መቅዳቱንና እንጨት መልቀሙን ወንድሟ ቢጋራት ክብሩ አይቀነስም።

ስለ ገንዘቡና ስለ መሬቱ

ለልጅ ትምህርት ብላችሁ በሬ አትሽጡ። ከጥንዱ አንዱ ከተሸጠ በሚቀጥለው ክረምት መቀናጆ ፍለጋ ትዞራላችሁ፤ ያኔ ባለ በሬው የራሱን ዘርቶ እስኪጨርስ እናንተ ትዘገያላችሁ፤ የዘገየ ዘር ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ይልቁንም ከበርበሬው ወይም ከማሩ ሽያጭ ጥቂት ለይታችሁ በልጁ ስም በቁጠባ አስቀምጡ። ልጁም በበጋው ወራት በከተማ ሠርቶ ድርሻውን ቢያመጣ የሚማረውን ያከብረዋል።

ለመማር ወይም ለሥራ ከቀበሌው የሚወጣ ባለ መሬት ደግሞ መሬቱን በአፍ ብቻ ለዘመድ አደራ ሰጥቶ አይሂድ። የኪራይ ወይም የእኩል ውሉን በጽሑፍ አድርጎ፤ ዘመኑንና ድርሻውን ለይቶ፤ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ፤ የይዞታ ደብተሩንም ለሌላ ሰው አይስጥ። በወንድማማቾች መካከል የሚነሣው ክስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ስመለስ ትሰጠኛለህ» ከሚለው ቃል ነው።

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች

አንተ ወጣቱ የልማት ሠራተኛ፤ ይህ ክፍል ለአንተ ነው። (አንቺም እኅታችን እንደዚሁ።) በዲፕሎማ ተመርቀህ ቀበሌ ተመድበሃል፤ ዲግሪ ትፈልጋለህ፤ ትክክል ነህ። ነገር ግን ጥድፊያው ብዙዎችን ጎድቷል። የማውቀው አንድ ሠራተኛ ከደሞዙ እየቀነሰ ሦስት ዓመት ሙሉ የርቀት ትምህርት ከከፈለ በኋላ፤ ያስመዘገበው ቅርንጫፍ ለዚያ ትምህርት ፈቃድ እንዳልነበረው ሰማ። ገንዘቡም ጊዜውም ቀረ። ፈቃድ የሚሰጠው በኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም፤ ለየትምህርት ክፍሉና ለየቅርንጫፉ ነው። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ። ደንብም ይለወጣል፤ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ የርቀት ትምህርት ለጊዜው ታግዶ እንደ ነበር የሚያስታውሱ አሉ። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ የተማረ ሁሉ የመውጫ ፈተና መቀመጥና ግማሹን ማምጣት ግዴታው ሆኗል። ክፍያ ብቻውን ዲግሪ አያሰጥም።

የክረምቱን ትምህርት ስትመርጥ አንድ ነገር አስብ። ሐምሌና ነሐሴ ገበሬው አንተን አብዝቶ የሚፈልግበት ጊዜ ነው። የክረምት ተማሪ ከሆንክ ከሁለቱ ባልደረቦችህ ጋር ሥራውን በጽሑፍ ተከፋፈሉ፤ ለገበሬዎቹም ማን በማን ምትክ እንደሚመጣ አስቀድመህ ንገር። ሳትናገር ብትጠፋ በመስከረም ስትመለስ በር የሚከፍትልህ ታጣለህ።

ሥራንና ትምህርትን በማስማማት ረገድ በአገራችን የተሠራ አንድ በጎ ምሳሌ አለ። በ1989 ዓ.ም. በያኔው የዓለማያ፤ በዛሬው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፤ በሳሳካዋ ድርጅት እርዳታ፤ በሥራ ላይ ላሉ የእርሻ ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተለየ የዲግሪ ትምህርት ተከፈተ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ተማሪው በክፍል ከተማረ በኋላ ለብዙ ወራት ወደ መጣበት ወረዳ ተመልሶ፤ ከገበሬዎች ጋር ተመካክሮ አንድ ችግር መርጦ፤ በመምህር እየተጎበኘ ይሠራበታል። ዲግሪውን የሚያገኘው ከማሳው ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ደንብ በየትኛውም ተቋም ብትማር ለራስህ ልታደርገው ትችላለህ። የመመረቂያ ጽሑፍህን ርእስ ከሩቅ አገር መጽሐፍ አትልቀም። በቡሬና በጃቢ ጠህናን ያለ ገበሬ ስለ በርበሬ ማጠውለግ በሽታ ሲያማርር ትሰማለህ፤ በብዙ ቀበሌዎችም አፈሩ በአሲድ ስለ ተጠቃ ማዳበሪያው እንደ ልብ አይሠራም። በማሠልጠኛው ማሳ ላይ ሁለት እኩል ጥማድ ለይተህ፤ አንዱን ኖራ አልብሰህ፤ አንዱን ሳታለብስ፤ አንድ ዓይነት ዘርና ማዳበሪያ ሰጥተህ፤ የዘራህበትን ቀን፤ የዝናቡን ሁኔታ፤ የምርቱን ሚዛን በየቀኑ መዝግብ። ገበሬዎቹ ራሳቸው ይመዝኑ። ለዩኒቨርሲቲው የምታቀርበውና ለቀበሌው የምታስረዳው አንድ ሥራ ይሆንልሃል፤ ሁለት ጊዜም አትደክምም።

በመጨረሻ ስለ ወረቀት። ምዝገባ ብዙውን ጊዜ ከነሐሴ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ስለሚሆን፤ በዚያን ጊዜ ወረቀት ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ያመልጠዋል። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ካርድ፤ የልደት ምስክር ወረቀት፤ የቀበሌ መታወቂያ፤ የተመዘነ ካለ የምዘናው ወረቀት፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ቅጂ ይዘጋጁ። ስምም በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን እዩ፤ በአንዱ «ኃይሉ» በሌላው «ሀይሉ» ከሆነ አሁኑኑ በትምህርት ቤቱ አስተካክሉ። ዋናዎቹን በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከምድጃ ጢስ ራቅ ባለ፤ አይጥ በማይደርስበት ሳጥን ውስጥ አኑሩ። በጣራ ክዳን መሐል የሚሻጥ ወረቀት በአንድ ክረምት ፊደሉ ይጠፋል።