ሃጫሉ ሁንዴሳ፦ ከመርዶው በፊት የነበረው ድምፃዊ

አፋን ኦሮሞ የማይሰማ ኢትዮጵያዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን የተዋወቀው በአብዛኛው በመርዶው ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት አዲስ አበባ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ በጥይት ተመታ፤ ሌሊቱን አገር ስሙን ሲጠራ አደረ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ከግርግሩ፣ ከክሱና ከክርክሩ ተነጥሎ ተነሥቶ አያውቅም። ሰውየው ግን ግጥምና ዜማ የሚደርስ፣ ከመሞቱ በፊት አሥር ዓመት ያህል በሙያው የኖረ ድምፃዊ ነበር። ብዙዎች ሳይሰሙት ያለቀሱለት ወይም የተከራከሩበት ሰው ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የማስተዋውቀው ዘፋኙን ነው።

እሱን ለማወቅ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣውን መንገድ ማወቅ ይረዳል። መንገዱ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ይደርሳል፤ ከአምቦ ጉደርን ተሻግሮ ጌዶ ደጋ ላይ ይወጣና በእጃጂና በባኮ በኩል ወደ ነቀምቴ ይወርዳል። የኢሉ ገላን ወረዳ ከተማ በሆነችው በእጃጂም ሆነ በአምቦ ገጠሮች ሠርጉም ለቅሶውም ያለ ፈረስ አያምርም። ፈረስ ባለበት ደግሞ ጌረርሳ አለ። ቀረርቶና ፉከራ የለመደ ጆሮ ለጌረርሳ ባዕድ አይሆንም፦ አንዱ ብድግ ብሎ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። የዘር ሐረጉን ይቆጥራል፣ በአደን የጣለውን አውሬ ያነሣል፣ ያጣውን ወገኑን ይጠራል፣ የበደለውን ይወቅሳል። ጀግና ብቻ አይደለም ጌረርሳ የሚያወርደው፤ ድሃውም፣ እስረኛውም፣ መሬቱን የተቀማውም ያወርዳል። ኩራትና ብሶት በአንድ እስትንፋስ የሚወጡበት ዜማ ነው። ከሃጫሉ ዘፈኖች ሥር ያለው ይኸው ነው፤ ኪቦርዱና ጊታሩ ከላይ የለበሰው ልብስ ነው።

የተወለደው በ1978 ዓ.ም. ገደማ አምቦ ነው። አባቱ አቶ ሁንዴሳ ቦንሳ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ነበሩ፤ ልጃቸው ሐኪም እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር። ልጁ ግን ከብት ሲያግድ ይዘፍናል። ይህን ተራ የልጅነት ወሬ አድርጌ አላየውም። በኦሮሞ ዘንድ ከብት ራሱን የቻለ ዘፈን አለው፤ እረኛ ላሟን በመልኳ፣ በቀንዷ፣ በወተቷ እያሞገሰ ያዜማል። ሰፊ ሜዳ ላይ ከመንጋ ኋላ የሚዘፍን ልጅ ድምፁን ማራቅ፣ ቃሉን ማስረዘም፣ ትንፋሹን መቆጠብ ይለምዳል። ሃጫሉ የአንድን ስንኝ መጨረሻ ስቦ ሲያቆየው እኔ የምሰማው ያንን እረኛ ነው።

ከዚያ እስር ቤት መጣ። በ1995 ዓ.ም. ገደማ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ሳለ፣ በፖለቲካ ተሳትፎ ተጠርጥሮ ታሰረ። አምስት ዓመት ያህል አምቦ ወህኒ ቤት ቆየ። ትምህርት ቤት ሊያሳልፈው የሚገባውን ዕድሜ ከግንብ ውስጥ አሳለፈው፤ ይህ በደል ነው፤ በሌላ ስም ልጠራው አልችልም። ሃጫሉ ራሱ ግን በኋላ ሲናገር ግጥምና ዜማ መድረስን የተማረው እዚያው እንደሆነ ገልጿል። አብረውት የታሰሩት በዕድሜ የገፉ፣ ታሪክና ፖለቲካ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። እሱ ድምፅ ይዞ ገባ፤ የሚለውን ነገር ይዞ ወጣ። በ2000 ዓ.ም. ሲፈታ የመጀመሪያ አልበሙ ብዙ ዘፈኖች ተጽፈው ነበር። «ሰኚ ሞቲ» የተባለው ይህ አልበም እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። ሁለተኛው «ዋኤ ኬኛ» እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ እየዞረ ሲዘፍን ነበር የወጣው፤ በዚያ ወቅት በአማዞን የአፍሪካ ሙዚቃ ሽያጭ አንደኛ ሆኖ ነበር። የገዛው በአብዛኛው በስደት ያለው ኦሮሞ ነበር።

መንገዱን እሱ አልጠረገውም። በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ላይ አፍራን ቀሎ የተባለው ቡድን በአፋን ኦሮሞ መድረክ ላይ ሲዘፍን አሊ ቢራ ገና ልጅ ሆኖ ከውስጡ ወጣ። ከዚያ ትውልድ በኋላ የመጣው ኤቢሳ አዱኛ ደግሞ በ1988 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። ስለዚህ ሃጫሉ ማይክሮፎን ሲይዝ የዚህ ዘፈን ዋጋ ምን ሊሆን እንደሚችል ያውቅ ነበር። ከአገር እንዲወጣ የመከሩት ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ግን ቀረ። ይህን ውሳኔ ከዘፈኖቹ ለይቼ ማየት አልችልም፤ ቆይቶ የሚዘፍን ሰው የሚመርጠው ቃል ርቆ ከሚዘፍነው ይለያል።

ታላቅ ሥራው በሰኔ 2007 ዓ.ም. የወጣው «ማላን ጂራ» ነው። ርዕሱ «ምን ኑሮ አለኝ» እንደ ማለት ነው። ጊዜውን እናስታውስ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሲቀሰቀስ የአምቦ ወጣቶች ሞተዋል፤ ገበሬው በከተማዋ መስፋፋት ከመሬቱ መነሣቱ የየቤቱ ወሬ ነበር። ዘፋኙ ግን ፕላኑን በስሙ አልጠራውም፤ አልፎከረም፣ አልተሳደበም። የቆዘመ ዜማ ይዞ መጣ። ላይ ላዩን የመለያየት እንጉርጉሮ ነው፤ ሰው የሚወደውን ያጣ፣ ውስጡ የተሰበረ። ሰምና ወርቅ የለመደ አድማጭ ወርቁን ለማውጣት ብዙ አይቸገርም፦ ከፍቅሩ መሐል የቦታና የጎሣ ስሞች ብቅ ይላሉ፤ ጉለሌ፣ አቢቹ፣ ገላን፣ ፊንፊኔ። ዛሬ አስፋልትና ፎቅ ያለበት ቦታ ቀድሞ የማን እንደነበር በዜማ ይቆጠራል። በጌረርሳ የዘር ሐረግ የሚቆጠርበትን ስልት እሱ ለመሬት አዋለው። በእኔ ግምት የዘፈኑ ብልሃት ይኼ ነው፤ አሮጌውን የአዘፋፈን ሥርዓት ሳያፈርስ አዲስ ሐዘን አስገባበት። ሽማግሌው የአባቱን ዜማ ሰማበት፤ የኮሌጅ ተማሪው የራሱን ጉዳይ ሰማበት።

ዘፈኑ ከወጣ አምስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም.፣ ከአምቦ በመለስ ባለችው ጊንጪ ተቃውሞ ተነሣና በኦሮሚያ ተዛመተ። በጥር ወር መንግሥት ማስተር ፕላኑን ሰረዘ። ዘፈን መንግሥትን አያንበረክክም፤ ያንን ያደረጉት ሕይወታቸውን የከፈሉ ወጣቶች ናቸው። ነገር ግን ሲሰለፉም ሲቀብሩም በአፋቸው የነበረው «ማላን ጂራ» ነበር፤ ይህ ለአንድ ዘፋኝ ከባድ አደራ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራ «ጂራ» በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወጣ፤ «አለን» ማለት ነው። ቁዘማው ወደ ማንሠራራት ሲዞር ይሰማል፤ ምቱም ፈጠን ይላል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉ ኦሮሞዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ አዲስ አበባ ሚሌኒየም አዳራሽ በተዘጋጀ ዝግጅት የኦሮሚያ ክልል ባለሥልጣናት በተቀመጡበት ዘፈነ። ባለሥልጣን ፊት ሲቆሙ ግጥም ማለዘብ የተለመደ ነው፤ እሱ አላለዘበም። ዝግጅቱ በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለቀቁ።

ከዚህ የሥልጣን ለውጥ በኋላም ለአንዱ ወገን አጨብጫቢ አልሆነም። የመጨረሻው ቃለ ምልልሱ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ በተናገረው የተነሣ ብርቱ ውዝግብ አስነሣ፤ ከሳምንት በኋላ ተገደለ። ሰኔ 25 ቀን በትውልድ ከተማው አምቦ ተቀበረ። በሞቱ ማግስት በተነሣው ሁከት ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በማንነታቸው የተጠቁ ነበሩ፣ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት የወደቁ ነበሩ። ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። ሃጫሉ ባለቤቱንና ሦስት ሴት ልጆቹን ትቶ ሲሄድ ዕድሜው ወደ ሠላሳ አራት ነበር። ለእሱ የሚያዝን ሰው ያን ሰሞን ለሞቱት ሁሉ ማዘን አለበት፤ የአንዱን ሐዘን በሌላው የሚያካክስ ሚዛን የለም።

አምቦ የኪነ ጥበብ ሰው ስታፈራ ሃጫሉ የመጀመሪያዋ አይደለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው ከከተማዋ ብዙ በማይርቀው ቦዳ ነው። አንዱ በአማርኛ ተውኔትና ቅኔ፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ ዘፈን፤ ሁለቱም ከዚያው ደጋ ተነሥተው አዲስ አበባ መድረክ ላይ ቆሙ። የጸጋዬን አንባቢ ወደ ሃጫሉ የሚያሻግር ድልድይ አሁንም አልተሠራም፤ ግጥሞቹ ወደ አማርኛ በቅጡ ተተርጉመው፣ ከነማብራሪያቸው ቢታተሙ አንድ ደህና መጀመሪያ ይሆን ነበር። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሃጫሉን ስም የያዘ ግቢ አለ፤ ሥራው እዚያ ቢጀመር ያምራል።

እስከዚያው ለአዲስ አድማጭ ቅደም ተከተል ልስጥ። ቋንቋውን ባይሰሙትም መጀመሪያ «ማላን ጂራ»ን፣ ቪዲዮውን ሳያዩ፣ በድምፁ ብቻ ይስሙት፤ ስንኙ የት እንደሚሰበርና የት እንደሚራዘም ያስተውሉ። ቀጥለው ከአንድ አፋን ኦሮሞ ከሚሰማ ሰው ጋር ቁጭ ብለው ስንኝ በስንኝ ያስተርጉሙት። ከዚያ «ጂራ»ን፣ በመጨረሻም ከሞተ በዓመቱ የወጣውን «ማል መሊሳ» የተሰኘውን አልበም ይስሙ። ከወህኒ የወጣው ወጣት ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ለማየት «ሰኚ ሞቲ»ን ከእነዚህ በኋላ መስማቱ ይሻላል።