ለጋምቦን የማይቆርጥ የፍለጋ ሞተር

መካነ ሰላም ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ወይም ለቦረና ወረዳ መዝገብ ቤት መተግበሪያ የሚሠራ ባለሙያ ውሎ አድሮ አንድ ምርጫ ይጠብቀዋል፤ የፍለጋ ሞተር። እዚህ ላይ የምናወራው ስለ ጉግል አይደለም። በመተግበሪያው ውስጥ ሆኖ የመተግበሪያውን ሰነዶች ብቻ ስለሚፈልግ ሶፍትዌር ነው።

አሠራሩ በመጽሐፍ መጨረሻ እንደሚታተም የቃላት መጠቁም ነው። ሰነዱ ሲገባ በቃላት ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቃል የትኞቹ ሰነዶች ውስጥ እንዳለ ይመዘገባል። ይህ መዝገብ ኢንዴክስ ይባላል። ጥያቄ ሲመጣ ሞተሩ ሰነዶቹን አንድ በአንድ አያገላብጥም፤ ኢንዴክሱን ብቻ ያያል። ከዚያም የተጠየቀው ቃል በአንድ ሰነድ ውስጥ ከተደጋገመና በሌሎቹ ብርቅ ከሆነ ለዚያ ሰነድ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጥቶ ውጤቱን በደረጃ ያስቀምጣል።

በዘርፉ አንጋፋው ዳግ ከቲንግ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ሉሲን ነው። ሶላርና ኢላስቲክሰርች የተሠሩት በእርሱ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚቀመጡበት ዲስፔስ የተባለው ሶፍትዌር ለፍለጋ የሚጠቀመው ሶላርን ነው። ኢላስቲክሰርች እ.ኤ.አ. በ2021 ላይሰንሱን ሲቀይር አማዞን ኦፕንሰርች የተባለውን ቅጂ ይዞ ወጣ። እነዚህ በጃቫ የሚሠሩ፣ ራም የሚበሉ ናቸው። ቀለል ያለ ለሚፈልግ ሚሊሰርችና ታይፕሰንስ አሉ። ኤስኪውላይትና ፖስትግሬስን የመሳሰሉ ዳታቤዞች ደግሞ የራሳቸው የጽሑፍ ፍለጋ አላቸው።

ሁሉም እንግሊዝኛን አሳምረው ይፈልጋሉ። አማርኛ ላይ ግን የመጀመሪያው ችግር ፊደሉ ነው። «መጽሐፍ» የሚለውን ቃል ድምፁን ሳንለውጥ በ«ጽ» ወይም በ«ፅ»፣ በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ኀ» ወይም በ«ኃ» ብንጽፈው 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። ለኮምፒውተሩ 12ቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። «መካነ ሰላም»ና «መካነ ሠላም»ም እንዲሁ። መፍትሔው ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ሰነዱ ሲገባም ጥያቄው ሲመጣም እኩል መተግበር ነው።

ሁለተኛው ችግር ቅጥያ ነው። «ከመካነ ሰላም»፣ «የቦረና»፣ «በሳይንት» የሚሉትን ለማግኘት የቃሉን መነሻ ፊደል የሚቆርጥ ደንብ ይጻፋል። ደንቡ አንድ ፊደል ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ የወረዳ ስም የሆነው «ለጋምቦ» ወደ «ጋምቦ» ይለወጣል፤ «ከለጋምቦ» ግን «ለጋምቦ» ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንዱን የፈለገ ሌላውን አያገኝም። ደጋግሞ የሚቆርጥ ከሆነ ደግሞ «ከለላ» ወረዳ «ላ» ብቻ ሆና ትቀራለች። እንዲህ ያሉ ስሞች እንዳይነኩ የሚከለክል ዝርዝር ያስፈልጋል፤ በሉሲን ላይ የተሠሩት ሞተሮች ይህን ይፈቅዳሉ።

ሌላው መንገድ ቃሉን በሦስት በሦስት ፊደል መከፋፈል ነው። ኤስኪውላይት ይህን ይችላል። «ከለጋምቦ» ወደ «ከለጋ»፣ «ለጋም»ና «ጋምቦ» ስለሚከፋፈል ምንም ሳይቆረጥ «ለጋምቦ» ብሎ የጠየቀ ያገኘዋል። ጉዳቱ ሁለት ፊደል ያላት «ወሎ» በዚህ ኢንዴክስ አለመገኘቷ ነው፤ ለአጫጭር ቃላት ሌላ መንገድ ማበጀት ግድ ይላል።

የአጻጻፍ ስሕተትን መታገሥም ሊታይ ይገባዋል። ሚሊሰርች ቅንብሩ ካልተነካ ስሕተት የሚታገሠው ቢያንስ 5 ፊደል ላላቸው ቃላት ነው። የአማርኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ቃላችን አጭር ነው፤ «መዝገብ» 4 ፊደል ብቻ ናት። ቁጥሩ መስተካከል አለበት። ብዙ ዝቅ ካደረጉት ደግሞ «ሰላም» ብሎ ለጠየቀ «ሰላሳ» ይመጣለታል።

ኔትወርክም የምርጫው አካል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ባለሙያ፣ ፍለጋውን ውጭ አገር ባለ የኪራይ ሰርቨር ላይ አያስቀምጥም።

ስለዚህ በጥቂት ሺህ ለሚቆጠሩ ሰነዶች የኤስኪውላይት ወይም የፖስትግሬስ ፍለጋ ይበቃል። ሰነዱ በዝቶ ተጠቃሚውም ሲበረክት ወደ ሶላር ወይም ወደ ኦፕንሰርች መሸጋገር ይቻላል። ሞክሼ ፊደላትን የሚያስተካክለው ሠንጠረዥና የስሞቹ ዝርዝር ግን የትኛውም ሞተር ቢመረጥ አብረው የሚሄዱ ናቸውና፣ ሥራው ከእነርሱ ይጀምር። የሞተሩን ፍጥነት ከማነጻጸርዎ በፊት የወረዳዎን ስሞች በየአጻጻፋቸው አስገብተው ይፈትኑት፤ ለጋምቦን፣ ከለላንና ወሎን የማያገኝ ሞተር የቱንም ያህል ቢፈጥን ለዚህ አገር አይሆንም።