የሚተነፍስ የቆሻሻ ክምር

ቆሻሻ ክምር ላይ የወረደ ዝናብ እዚያው አይቀርም። በሽንኩርቱ ልጣጭ፣ በሻገተው እንጀራና በዛገው ቆርቆሮ መሃል ሰርጎ፣ ያገኘውን ሁሉ አሟሙቶ ከግርጌ የቡና አተላ መስሎ ይወጣል። አሞኒያው ዓይን ይቆጠቁጣል። የአዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ ቆሼም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ይህንን ፍሳሽ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ሲያወርድ ኖሯል።

ፍሳሹን በማሽን ማጣራት ይቻላል፤ የመብራቱን ሂሳብ የሚከፍል ከተገኘ። የጃፓኑ ፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲና የፉኩኦካ ከተማ በ1975 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ያዋሉት ዘዴ ግን የሚጀምረው ክምሩ ውስጥ ነው። ቆሻሻው ከመደፋቱ በፊት የተበሳሳ ወፍራም ቱቦ በተዳፋት ተዘርግቶ ዙሪያው በድንጋይ ይሞላል። ፍሳሹ በቱቦው ወለል ወደ ኩሬ ሲወርድ፣ ከበላዩ ባለው ክፍት ቦታ አየር ይገባል። ሞተር የለም። የሚበሰብስ ነገር ይግላል፤ ፍግ ውስጥ እጁን የከተተ ያውቀዋል። ትኩሱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች ይሳባል። አየር ያገኙት ባክቴሪያዎች ብስባሹን ቶሎ ይበሉታል፣ አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ሚቴኑም ይቀንሳል። ፍሳሹን በፓምፕ መልሶ ክምሩ ላይ ማፍሰስ ደግሞ ይበልጥ ያጠራዋል።

ቱቦ ከጠፋ የተበሳሳ በርሜል ወይም ቀርከሃ ይተካዋል። ለእኔ የዘዴው ትልቁ ብልሃት ይኸው ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ከሞተ በኋላ፣ በጃፓን መንግሥትና በዩኤን ሃቢታት ድጋፍ እዚያም በዘዴው ተሠርቶበታል።

ባክቴሪያ የማይበላው አለ። የባትሪ ድንጋይና ቀለም የሚተፉት ብረት አይበሰብስም። ስለዚህ ፍሳሹ ከኩሬው በኋላ ሸምበቆ በተተከለበት የጠጠር አልጋ ቢያልፍ ይመረጣል፤ ከብረቱ ከፊሉ በጠጠሩና በሥሩ ላይ ይቀራል። የባትሪ ድንጋዩ መጀመሪያውኑ ከክምሩ ባይገባ ደግሞ ከሁሉም ይሻል ነበር።

የዘዴው እንክብካቤ ቀላል ይመስላል፤ የሚዘነጋውም ለዚህ ይመስለኛል። በክረምት ኩሬው ሞልቶ የቱቦውን አፍ ከሸፈነው አየር አይገባም፣ ክምሩም ይታፈናል። ስለዚህ አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት እየወረደ የውሃውን ከፍታ ማየት አለበት።