በሥራ ያለቀ መኪና

የድሮ የአሜሪካ ስቴሽን ዋገኖች ዛሬ የሚፈለጉት ለመልካቸው ብቻ ሳይሆን ጥቂት ስለቀሩ ነው፤ ጥቂት የቀሩትም ብዙ ስላገለገሉ ነው። የስፖርት መኪና ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ ሲጠበቅ፣ ስቴሽኑ ልጆችንና ጓዝን ጭኖ እስኪያልቅ ይነዳ ነበር። ለምሳሌ ሸቭሮሌ ኖማድ የተባለው ስቴሽን ባለ ሁለት በር ሆኖ የተሠራው ከ1955 እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። ክራይስለር በ1983 እ.ኤ.አ. ሚኒቫን ሲያመጣ ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ የጄኔራል ሞተርስ ትልልቅ ስቴሽኖችም በ1996 እ.ኤ.አ. አከተሙ።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ፔጆ 404 ነው። ሐረርና ድሬዳዋ በታክሲነት ለዘመናት ያኖሩት ይህ መኪና ሦስት ረድፍ መቀመጫ ያለው የስቴሽን ወንድም አለው፤ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከአውቶሞቢሉ በ19 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ሰውና ኩንታል አብረው በሚጓዙበት በመርሳና በወልድያ መንገድ የዚህ ቅርጽ ጥቅም ማስረጃ አያሻውም። ቤንዚን ይፈጃል፣ መለዋወጫውም ጠፍቷል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ለዕለት ሥራ ከሆነ እውነት ነው፤ እኔም በእሱ ነግዱ አልልም። ነገር ግን ካርቡሬተሩን የሰፈር መካኒክ ያለ ኮምፒውተር በካቻቢቴ ያስተካክለዋል፤ ይህ ራሱ ሊጠበቅ የሚገባው ዕውቀት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ፣ ከእጃችን የወጣው አይተካም። በጓሮዎ የቆመ ስቴሽን ካለ ለቁራሌው አይሽጡት፤ ሊብሬውንም አብረው ያስቀምጡ።