ቡናና ጫት፦ የሐረርጌ ገበሬ ምርጫና የጂቡቲ ወደብ

በጂቡቲ ከተማ ቡና አይበቅልም። ዝናብ እምብዛም በማይጥልበትና በሞቃታማዎቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት በዚህ የባሕር ዳርቻ፣ የብዙዎች የዘወትር መጠጥ በቅመም የተፈላ ሻይ ነው።

ሆኖም በምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚኖሩ አነስተኛ ገበሬዎች ምን ነቅለው ምን እንደሚተክሉ ሲወስኑ፣ የዚህች የወደብ ከተማ ድርሻ ቀላል አይደለም። ከሐረርጌ ተነሥተው ወደ ጂቡቲ የሚወርዱ ሁለት ሰብሎች አሉ፤ ጫትና ቡና። ጫቱ ከተማዋ ውስጥ በዕለቱ ያልቃል። ቡናው ግን በኮንቴይነር እንደታሸገ ባሕር ይሻገራል።

የዕለት ሰብልና የዓመት ሰብል

ጫት ለነገ አይባልም። ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ በሐረርጌ ገበያዎች የታሰረው ጫት ሳይውል ሳያድር ይጫናል፤ እኩለ ቀን ገደማ ጂቡቲ ከተማ ይደርሳል፤ ከሰዓት በኋላም ይቃማል። ንግዱ በየዕለቱ የሚካሄድ በመሆኑ ገንዘቡም ወደ ገበሬው ፈጥኖ ይመለሳል።

የቡና ነገር ከዚህ ይለያል። አዲስ የተተከለ ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይወስዳል። ካፈራም በኋላ ዋናው ለቀማ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ጫት በአንጻሩ ውኃ ካገኘ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል።

ይህ ልዩነት የኖረ ቢሆንም፣ ብዙ ገበሬዎችን ቡና ያስነቀለው የዋጋ መውደቅ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈረሰ። በ2001 የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ለሚያንሰው አንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በእነዚያ ዓመታት በርካታ የሐረርጌ ገበሬዎች የቡና ማሳቸውን ወደ ጫት ለወጡ።

የቆየ ስም፣ የቆየ መንገድ

የሐረር ቡና ስም ግን ከባቡሩም ይቀድማል። ቀድሞ ቡናው በግመል ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር። የባቡር ሐዲዱ በ1902 ከጂቡቲ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደ ጂቡቲ ዞረ፤ ዘይላም ተዳከመች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ደግሞ በ2018 መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል።

በዚህ ስም ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ተከራክሯል። ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባቀረበው ጥያቄ ሳቢያ ከስታርባክስ ጋር የተፈጠረው አለመግባባት በ2007 በስምምነት ተቋጭቷል።

ጥራት ስንት ያወጣል?

ገበሬውን ወደ ቡና ይመልሳል ተብሎ ተስፋ ከሚጣልባቸው መንገዶች አንዱ ስፔሻሊቲ ቡና ነው። ይህ ስያሜ የሚሰጠው በባለሙያ ቅምሻ ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ ላገኘ፣ ዋና ጉድለት ለማይታይበት ቡና ነው።

የሐረርጌ ቡና ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ ነው። አዘገጃጀቱ ለእጥበት የሚሆን ውኃ አይፈልግም፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። ቀይ ሆኖ የበሰለው ብቻ መለቀም፣ መሬት ሳይነካ በአልጋ ላይ መሰጣት፣ እንዳይሻግትም ዘወትር መገላበጥ አለበት። ይህ ሁሉ ተጨማሪ ጉልበት ነው። ዋጋው ለገበሬው ካልደረሰ የሚደክምበት ምክንያት አይኖረውም።

በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን የሚያገበያየው በአካባቢና በደረጃ ስለነበር፣ የአንዱ ገበሬ ምርት ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ምንጩ ይጠፋ ነበር። በ2017 የተጀመረው ማሻሻያ ቡናው ከየት እንደመጣ እየታወቀ የሚሸጥበትን መንገድ አሰፋ። በ2020 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው ‘ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ’ የተሰኘ ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ በፓውንድ 185 ዶላር ተሽጧል። ይህ ለጥቂት ከረጢት ብቻ የተከፈለ ዋጋ ነው፤ የዘወትር ገበያ አይደለም። ቢሆንም ምንጩ የታወቀ ጥራት ምን ሊያወጣ እንደሚችል አሳይቷል።

የመጨረሻው ፈተና በወደቡ

ገበሬው የደከመበት ጣዕም ከማሳ ከወጣ በኋላም ሊበላሽ ይችላል። ለውጭ ገበያ የሚዘጋጅ ቡና የእርጥበት መጠኑ 12 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይፈለጋል። የጂቡቲ አየር ግን ሞቃትና እርጥብ ነው። ቡናው ወደብ ላይ ብዙ ቀን ከቆየ እርጥበት ሊስብ ይችላል፤ ቀንና ሌሊት ሙቀቱ ሲለዋወጥም በኮንቴይነሩ ጣሪያ የተጠራቀመው ጤዛ ከረጢቶቹ ላይ ይንጠባጠባል። አየር በማያስገባ የውስጥ ከረጢት መጠቅለል ችግሩን ይቀንሳል፤ ወጪ ግን ይጨምራል።

ከኅዳር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ላይ የደረሱት ጥቃቶችም ጉዞውን አራዝመዋል። ብዙ የመርከብ ድርጅቶች ወደ አውሮፓ የሚያደርጉትን ጉዞ በደቡብ አፍሪካ በኩል እንዲዞር አድርገዋል።

በ2025 መጀመሪያ የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ነገር ግን ዛሬ የሚተከል ችግኝ የሚያፈራው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ዋጋው የት እንደሚሆን ገበሬው አያውቅም። ጫቱ ግን ነገም ወደ ጂቡቲ ይጫናል። ስለዚህ ገበሬውን ከቡና ጋር ለማቆየት የአንድ ዓመት ከፍተኛ ዋጋ አይበቃም። ጥሩ ለቅሞ በጥንቃቄ ላደረቀ ሰው ክፍያው ሳይዘገይ እንዲደርሰውና ዋጋው በየዓመቱ የሚታመን እንዲሆን ይጠይቃል።