ቀድሞ መግባት ወይስ በሰዓቱ መግባት?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡ መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዛችሁ እንበል። በስልክ ልትከፍሉ ብትፈልጉም ሻጯ የሞባይል ገንዘብ ካልተጠቀመች፣ መተግበሪያችሁ የቱንም ያህል ቢያምር አይረዳችሁም። ሒሳቡን እንየው። 10 ተጠቃሚዎች ሁለት ሁለት ሆነው ገንዘብ ቢላላኩ 45 ጥንድ ይፈጥራሉ፤ 100 ሲሆኑ ግን 4,950። ሰዉ 10 እጥፍ ሲጨምር ጥንዱ 110 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው!

ስለዚህ ቀድሞ መግባት ብቻውን አያሸንፍም። ኤም ብር እና ሄሎካሽ በ2007 ዓ.ም. ገደማ ሲጀምሩ ቀዳሚ ነበሩ፤ ግን ወኪሉንም ደንበኛውንም አንድ በአንድ ማሰባሰብ ነበረባቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ባንክ ላልሆኑ ተቋማትም በሩን ከፈተ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር ኢትዮ ቴሌኮም ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሩት። አገልግሎቱ ደግሞ በ*127# በተራ ስልክም ይሠራል።

ኤም-ፔሳስ? ኬንያ ውስጥ በ1999 ዓ.ም. ፈር ቀዳጅ ነበር፤ እኛ ጋ ግን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲገባ ሌላው ቀድሞት ነበር። ቴክኖሎጂው ያው ነው፤ ሰዓቱ ግን ሌላ።

እናንተም አዲስ መተግበሪያ ካሰባችሁ «የመጀመሪያው እኔ ነኝ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ሌላኛው ወገን ዝግጁ ነው ወይ?» በሉ። ካልሆነ ከትንሽ ቦታ ጀምሩ፦ በመላው አዲስ አበባ ከተበተኑ 100 ሰዎች ይልቅ፣ እንጦጦ መንገድ ላይ በየቀኑ የሚገበያዩ 20 ሰዎች ይሻሏችኋል።